የውስጥ ጆሮ ፊስቱላ፤ አመረማመሩና የቀዶ ሕክምናው
(በተለይ የላስታን ደጋ በመመልከት)

ፊስቱላ የሚለው ቃል በአገራችን በይበልጥ የታወቀው ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊንና ዶክተር ካተሪን ሐምሊን በአዲስ አበባ ባቋቋሙት የእናቶች ሆስፒታል ምክንያት ነው። ትርጕሙም ሊኖር የማይገባው ቀዳዳ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቀዳዳ በጆሮም ውስጥ ይደርሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጆሮው ፊስቱላ በምን እንደሚመጣ፥ በምን እንደሚታወቅና እንዴት እንደሚደፈን፥ ይልቁንም ከትልልቅ ከተሞች ርቆ በላስታ የሚሠራ የጤና ባለሙያ በቀላል መሣሪያ ምን ያህል ሊደርስበት እንደሚችል ማስረዳት ነው።

፩. የውስጥ ጆሮ አሠራር

የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው የውስጥ ጆሮን አሠራር በቀላሉ ሊገምት ይችላል፤ እርሱም ከጠንካራ አጥንት ውስጥ የተፈለፈለ ቤት ነውና። በአንድ በኩል እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠመዘዘው የመስሚያ ክፍል፥ በሌላው በኩል ሚዛን የሚጠብቁት ሦስቱ ግማሽ ክብ ቦዮች ይገኛሉ። በአጥንቱና በውስጡ ባለው ስስ ሽፋን መካከል ፔሪሊምፍ የሚባለው ፈሳሽ ይገኛል። ቤቱ ወደ መካከለኛው ጆሮ የሚመለከቱ ሁለት መስኮቶች አሉት፤ ሞላላውን እርካብ የሚባለው ትንሽ አጥንት ይዘጋዋል፥ ክቡ ግን በስስ ሽፋን ብቻ የተከደነ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲቀደድ ፈሳሹ ይፈስሳል፤ ሰውየውም ይዞረዋል፥ ጆሮው ይጮኽበታል፥ መስማቱም ይቀንሳል።

፪. ምክንያቶቹ

መስኮቱ በራስ ላይ በሚደርስ ምት፥ ከበቅሎ በመውደቅ፥ ከባድ ሸክም ሲያነሡ በማማጥ ወይም በድንገተኛ የአየር ግፊት ለውጥ ሊቀደድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. አሜሪካዊው ዶክተር ጆን ሺ እርካብን አውጥቶ ሰው ሠራሽ መተኪያ ካስገባ ወዲህ፥ ከዚሁ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደርስ መፍሰስም ታውቋል።

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል፥ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። የአየሩ ግፊት በላሊበላ በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል፥ በተራራው ራስ ላይ ደግሞ ስድስት ዐሥረኛ ያህል ነው። ነገር ግን በእግር ቀስ ብሎ የሚወርድ ሰው ጆሮ ግፊቱን ለማስተካከል ጊዜ ስለሚያገኝ፥ ከፍታው ብቻውን በሽታውን ያመጣል ማለት ስሕተት ነው።

በአገራችን በይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ለዓመታት ሳይታከም የሚመግል ጆሮ ነው። በእንዲህ ያለው ጆሮ ውስጥ ኮሌስቴያቶማ የሚባለው የቆዳ ክምችት አጥንቱን እየበላ ከግማሽ ክብ ቦዮች አንዱን ይከፍታል። ፈሳሹ ሁልጊዜ ባይፈስም፥ መግሉ ወደ ውስጥ ጆሮና ወደ አንጎል ሽፋን የሚገባበት በር ተከፈተ ማለት ነው።

፫. አመረማመሩ

ምርመራው ከጥያቄ ይጀምራል፤ ማዞሩ መቼ ጀመረ? ሲያስል፥ ሲያማጥ ወይም ሲያነጥስ ይብሳልን? ጆሮው ይመግላልን? ቀጥሎ ዲያፓዞን የተባለውን ባለ ሁለት ጣት ብረት አስጩኾ በግንባር መካከል ማቆም ነው። ሕመሙ በመካከለኛው ጆሮ ብቻ ከሆነ ድምፁ ወደ ታመመው ጆሮ፥ የውስጡ ጆሮ ከተጎዳ ግን ወደ ጤናማው ያደላል። በመጨረሻም የጆሮውን ቀዳዳ በጣት ደፍኖ ጫን ሲሉት ዓይኑ የሚወራጭና የሚዞረው ከሆነ ፊስቱላ መኖሩን ያመለክታል፤ ይህ ምልክት አለመታየቱ ግን ፊስቱላ የለም አያሰኝም።

የመስማት መለኪያና የሲቲ ራጅ ባለበት ሆስፒታል የጉዳቱ መጠንና የተበላው አጥንት ይታያሉ። የመስኮት መቀደድ ግን በራጅ እምብዛም አይታይም።

፬. ሕክምናው

ለተቀደደ መስኮት በመጀመሪያ የሚታዘዘው ራስን በትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት፥ ከሸክምና ከማማጥ መከልከል ነው፤ ብዙው በዚህ ይድናል። ካልተሻለው ወይም መስማቱ እየወረደ ከሄደ ሐኪሙ የጆሮውን ታምቡር ገልጦ መስኮቶቹን ያያል፤ ከዚያው ከታማሚው በወሰደው የስብ ወይም የጡንቻ ሽፋን ቁራጭም ይደፍናቸዋል። የሚታየው እርጥበት የማደንዘዣ መድኃኒት ወይም የደም ውሃ ሊሆን ስለሚችል፥ በዚህ ነገር ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማዞሩ አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል፤ የጠፋ መስማት ግን ሁልጊዜ አይመለስም።

ለኮሌስቴያቶማ ከጆሮ በስተኋላ ያለው አጥንት ይከፈትና ክምችቱ ይጠረጋል። በፊስቱላው ላይ ያለው ሽፋን በመጨረሻ ተነሥቶ ቀዳዳው ወዲያው ይደፈናል፤ ጆሮው ታማሚው የሚሰማበት ብቸኛ ጆሮ ከሆነ ግን ሐኪሙ ሽፋኑን ሳይነካ ሊተወው ይችላል።

፭. መደምደሚያ

በደጋው ማዞር ሲነሣ ጾም፥ ድካም ወይም ከፍታ ይባላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ሆኖም ጆሮው የሚመግል ሰው አዞረኝ ካለ ነገሩ ለነገ አይባልም፤ ትኩሳትና የራስ ምታት ከተጨመረበትማ የሕይወት ጉዳይ ነው። ታምቡሩ የተበሳ ሰው ጠበል ሲጠመቅ ቀዝቃዛው ውሃ ወደ ውስጥ ገብቶ ያዞረዋል፥ መግሉንም ያብስበታል፤ ስለዚህ ጆሮውን ቫዝሊን በተቀባ ጥጥ ቢደፍን ከጠበሉም አይከለከልም፥ ከሕክምናውም አይጎዳም። በሽተኛውን ወደ ወልዲያና ወደ ደሴ የሚልከው ባለሙያም ሸክም እንዳያነሣ፥ አፍንጫውን በኀይል እንዳይናፈጥ፥ በቁልቁለቱም ምራቁን እየዋጠ እንዲወርድ ይምከረው። የጆሮ ቀዶ ሐኪሙ በሩቅ ከተማ ቢሆንም በሽታውን የሚጠረጥረው የመጀመሪያው ሰው እዚያው ላስታ ነው፤ እርሱ በጊዜው ካልጠረጠረ የሐኪሙ ጥበብ ብቻውን አይበቃም።