ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ዝናብ ያራሰው ኮረብታ ተንሸራቶ ቤቶችን ቀበረ። የአካባቢው ሰው አካፋና ዶማ ይዞ ደረሰ፤ ብዙው በባዶ እጁ አፈሩን ይዝቅ ጀመር። በዚህ መካከል ሌላ ናዳ ወርዶ ሊያድኑ የመጡትን ዋጠ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ።

እንዲህ ያለ ዜና ስንሰማ ሐኪሙና ማሽኑ ለምን ዘገየ እንላለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ሰውየው ምን ውስጥ ነው የተቀበረው ብሎ ነው። በመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰ ሕንፃ አየር ያለበት ክፍተት ሊተው ስለሚችል፣ ከቀናት በኋላ በሕይወት የሚወጣ አለ። እርጥብ አፈር ግን አፍና አፍንጫ ይደፍናል፤ ደረትንም ተጭኖ ትንፋሽ ይከለክላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፈው በደቂቃዎች ውስጥ የወጣ ነው፤ በዚያ ፍጥነት የሚደርሰው ደግሞ ጎረቤት ብቻ ነው።

ሕዝብና ባለሙያ ይበልጥ የማይግባቡት ፍርስራሽ ላይ ነው። እግሩ በኮንክሪት ተጨፍልቆ ለሰዓታት የቆየ ሰው ይናገራል፣ ውሃ ይጠይቃል። ከበው የቆሙት «ቶሎ አውጡት!» ይላሉ። ሐኪሙ ግን ሳያወጣው ደም ሥሩን ፈልጎ ጨው ያለው ፈሳሽ ይሰጠዋል። ምክንያቱም ክብደቱ ሲነሳ በተጎዳው ጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመው ፖታሲየም ወደ ደም ገብቶ ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል፤ ከጡንቻው የሚወጣው ፕሮቲንም ኩላሊትን ያበላሻል። ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ባይዋተርስ የተባለው ሐኪም ከፍርስራሽ በሕይወት የወጡ ሰዎች ከቀናት በኋላ በኩላሊት ድካም ሲሞቱ ተመልክቶ፣ በ1941 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ጋር ጻፈው። ያ መዘግየት የሚመስለው ጊዜ ራሱ ሕክምና ነው፤ ይህን ለቤተሰቡ እዚያው የሚያስረዳ ሰው ግን እምብዛም አይመደብም።

ባለሙያዎች ከሁሉ የሚያስቀድሙት ሕግ የአዳኙ ደኅንነት ነው። ወንድሙ አፈር ውስጥ ላለ ሰው «ቆይ፣ አትግባ» ማለት ግን የማይሆን ነገር ነው፤ ማንም አይሰማም፣ ሊሰማም አይገባም ብዬ አምናለሁ። ይልቅ በየቀበሌው ባሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ለገበሬው የሚደርስ ቀላል ትምህርት ያስፈልጋል። ከሚቆፍሩት አንዱ ዶማውን አስቀምጦ ኮረብታውን ብቻ ይመልከት። አዲስ ስንጥቅ ካየ፣ ዛፍ ካዘመመ ወይም የሚያጓራ ድምፅ ከሰማ ይጩህ። ሩጫውም ቁልቁል ሳይሆን ወደ ጎን ይሁን።