በሴቶች ፊት ላይ የሚበቅል ፀጉር፦ ሸሪዓዊ ብይኑና በቤት ውስጥ የማስወገጃ መንገዶቹ

  

የዛሬው ርዕሳችን ብዙዎች ጮክ ብለው የማይጠይቁት ነው። በሴት ልጅ አገጭ፣ በላይኛው ከንፈርና በጉንጭ ላይ የሚበቅለውን ፀጉር ይመለከታል። ማስወገዱ ሐራም ነው ወይስ ይፈቀዳል? ከተፈቀደስ ፊትን ሳይጎዳ እንዴት ይወገዳል? ጉዳዩ ቀላል መስሎ ሊታየን ይችላል። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ከሰው ፊት የምትሸሽ፣ የኒካሕ ጥያቄ ሲመጣ የምትጨነቅ፣ ሐራም እሠራለሁ በሚል ስጋት ለዓመታት የተቸገረች እህት አለች። በሌላ በኩል ያገኘችውን ሁሉ ቀብታ ፊቷን ያቃጠለችም አለች።

በዲናችን ሐያእ ትልቅ ቦታ አለው፤ ሆኖም ከእውቀት የሚከለክል መሆን የለበትም። የመዲና የአንሷር ሴቶች ስለ ሐይድና ስለ ትጥበት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በግልጽ ይጠይቁ ነበር። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) በዚህ ባሕሪያቸው አወድሳቸዋለች።

ሸሪዓዊ ብይኑ

ብዙ እህቶችን የሚያሰጋው ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት፣ ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ ነው። በዚህ ሐዲስ "ነምስ" የምታደርግም የምታስደርግም ሴት ተወግዛለች። ነምስ በቋንቋ ደረጃ ፀጉርን መንቀል ማለት ነው። ዑለማዎች የተለያዩት ቃሉ የፊትን ፀጉር ሁሉ ያጠቃልላል ወይስ ቅንድብን ብቻ በሚለው ላይ ነው።

በ310 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብኑ ጀሪር አጥ-ጦበሪ ነገሩን አጥብቀው፣ ሴት ልጅ ፂም ቢበቅልባት እንኳ ማስወገድ የለባትም ብለዋል። ሚንሃጃቸው በወሎ ደረሶቻችን ሲቀሩት የኖሩት ኢማም አን-ነወዊ (676 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት) ግን በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው ይህን አልተቀበሉም። ለሴት ፂም ወይም ሪዝ ከበቀለባት ማስወገዱ ሐራም አይደለም፤ እንዲያውም ሙስተሐብ፣ ማለትም የተወደደ ነው ብለዋል። በአገራችን በስፋት የሚታወቀው የሻፊዒይ መዝሀብ አቋምም ይኸው ነው።

ስለዚህ የአገጭና የላይኛው ከንፈር ፀጉር ያስቸገረሽ እህቴ ሆይ! ልብሽን አሳርፊ። በጉንጭ ላይ ያለውን ስስ ለስላሳ ፀጉር በተመለከተ የዑለማዎች ልዩነት ሰፋ ያለ በመሆኑ የምታምኛቸውን ዓሊም ጠይቂ። ቅንድብን ለውበት ሲባል ማቅጠንና መቀንደብ ግን የሐዲሱ ዋና መልእክት ያረፈበት ስለሆነ ከፂም ጋር አንድ አድርጎ ማየት አይገባም።

በቤት ውስጥ የሚሠራባቸው መንገዶች

1ኛ/ ወረንጦ፦ ፀጉሩ ጥቂት ከሆነ ይህ በቂ ነው። ወረንጦውን በአልኮል ማጽዳት፣ ፊትን በሞቀ ውኃ ማለስለስ፣ ቆዳውን ወጠር አድርጎ ፀጉሩን ወደሚያድግበት አቅጣጫ መሳብ ያስፈልጋል። ሰፊ ቦታን በወረንጦ መንቀል ግን ቆዳን ያቆስላል። የእኛ ፀጉር የተጠቀለለ በመሆኑ ሲበቅል ወደ ቆዳ ውስጥ ተመልሶ እየገባ እባጭና ጥቁር ምልክት ይተዋል።

2ኛ/ ክር፦ ክሩ ተጠምዝዞ ብዙ ፀጉር በአንዴ ይነቅላል፤ ኬሚካል የለበትም። አንዳንድ ባለሙያዎች የክሩን ጫፍ በጥርሳቸው ይይዛሉ። ይህ ለንጽሕና የማይመች ስለሆነ አንገት ላይ በማሰር ወይም በእጅ ብቻ በመያዝ እንዲሠሩልሽ ጠይቂ። ክሩም ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መሆን አለበት።

3ኛ/ የስኳር ሰም፦ በዐረቡ ዓለም ሴቶች "ሐላዋ" የሚሉት ነው። 2 ኩባያ ስኳር፣ ሩብ ኩባያ የሎሚ ጭማቂና ሩብ ኩባያ ውኃ በዝቅተኛ እሳት ማር መስሎ እስኪወፍር ይፈላል። ከዚያም ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል። ዋናው አደጋ እዚህ ላይ ነው፤ የፈላ ስኳር ከፈላ ውኃ የበለጠ ይሞቃል፣ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። በመሆኑም በቅድሚያ በክንድ የውስጥ ክፍል ላይ ሳይሞከር ፊት ላይ አይቀባ፤ ልጆችም ከምድጃው አካባቢ ይራቁ። በሰም የተነቀለ ፀጉር ተመልሶ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ለብጉር ሬቲኖይድ የተባለ ክሬም ወይም ክኒን የምትጠቀም ሴት ግን ቆዳዋ ስለሚሳሳ በሰም ከተጠቀመች ሊላጥ ይችላል፤ ስለዚህ መተው አለባት።

4ኛ/ ምላጭ፦ "አንዴ ከተላጨ ወፍሮ ይበቅላል" የሚለው አባባል በየቤቱ አለ። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 በታተመ ጥናት ተፈትሾ መሠረት የሌለው ሆኖ ተገኝቷል። ምላጭ ሥሩን አይነካም። ጫፉ ደንዳና ሆኖ ስለሚቆረጥ ብቻ ሲዳሰስ ሸካራ ይመስላል። ፊትን በሳሙና አረፋ አለስልሶ፣ በአዲስ ምላጭ፣ ፀጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ መላጨት ይቻላል። ምላጭን ከባል፣ ከእህት ወይም ከጎረቤት ጋር መጋራት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ በዓይን በማይታይ ደም የጉበት ቫይረስ (ሄፓታይተስ ቢ) እና ኤች አይ ቪ ሊተላለፍ ይችላል።

5ኛ/ ፀጉር ማስወገጃ ክሬም፦ ክሬሙ ፀጉሩን በኬሚካል ያሟሟዋል። ለእግር የተሠራው ለፊት አይሆንም፤ "ለፊት" የሚል የተጻፈበት ብቻ ይገዛ። በትንሽ ቦታ ላይ ተቀብቶ 24 ሰዓት ይጠበቅ። ካላቃጠለና ካላሳከከ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ሳያልፍ ይታጠብ። ጊዜውን ማስረዘም ፀጉሩን ይበልጥ አያጠፋውም፤ የሚጎዳው ቆዳውን ነው።

6ኛ/ በብርሃን የሚሠሩ የቤት መሣሪያዎች፦ ከባሕር ማዶ ወይም ከዐረብ አገር ተገዝተው የሚመጡ አሉ። እነዚህ የሚሠሩት ብርሃኑ የፀጉሩን ጥቁር ቀለም ሲያገኝ ነው። ቆዳው ራሱ ጠቆር ያለ ከሆነ ብርሃኑን ቆዳው ይወስድና ይቃጠላል። ስለዚህ መመሪያው ላይ ያለውን የቆዳ ቀለም ሠንጠረዥ ሳያዩ መጠቀም አደገኛ ነው። ለጥቁር ቆዳ ይበልጥ የሚስማማው ኤንዲ ያግ የሚባለው የሌዘር ዓይነት ሲሆን የሚሠራውም በሠለጠነ የቆዳ ባለሙያ ነው። ሴት ባለሙያ ካለች እርሷ ትቅደም።

ከእነዚህ ውስጥ የትኛውም ቢመረጥ አንድ የፊቅህ መርህ ይገዛናል፤ ጉዳት መወገድ አለበት። የተፈቀደን ነገር በሚጎዳ መንገድ መሥራት የተፈቀደ አይደለም። በተጨማሪም ሰምና ክሬም በቆዳ ላይ ከቀረ ውኃ እንዳይደርስ ስለሚከለክል ከውዱእ በፊት ተጣርቶ ይታጠብ። በሐጅና በዑምራ ኢሕራም ላይ ያለች ሴት ከማንኛውም የሰውነቷ ክፍል ፀጉር አታነሳም።

ሳይታወቅ ፀጉር የሚያበቅለው ክሬም

እዚህ ላይ ልዩ ትኩረት የሚያሻው ነገር አለ። ፊትን ለማቅላት በየሱቁ ከሚሸጡት ክሬሞች መካከል ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ። እነዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ፊት ላይ ሲቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ብጉር ያወጣሉ፣ ከዚህም አልፎ ፀጉር ያበቅላሉ። አንዲት እህት ጠዋት ክሬሙን እየቀባች ማታ ፀጉሩን ብትነቅል ችግሯ መቼ ያልቃል? የማሸጊያውን ጽሑፍ ለመድኃኒት ቤት ባለሙያ አሳዩ። ክሬሙን ለረጅም ጊዜ የተጠቀመች ደግሞ በድንገት ከማቆሟ በፊት ሐኪም ታማክር።

ፀጉሩ የበሽታ መልእክት ሲሆን

ጥቂት ፀጉር በብዙ ሴቶች ላይ የሚታይ፣ በዘር የሚወረስ ወይም የወር አበባ ከመቋረጡ ጋር የሚመጣ ተፈጥሯዊ ነገር ነው። ወፍራምና ጥቁር ሆኖ ሲበዛ ግን ዋነኛው ምክንያት ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የሚባለው የሆርሞን መዛባት ነው። ይህ ችግር በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ 10 ሴቶች አንዷን ገደማ ያጠቃል። የወር አበባን ያዛባል፣ እርግዝናን ያዘገያል፣ ለስኳር በሽታም ያጋልጣል። ፀጉሩን ብቻ እየነቀሉ መኖር የቤቱን ጭስ እያራገቡ እሳቱን እንደመተው ነው።

የወር አበባዋ የራቀ ወይም የቀረ፣ ክብደቷ የጨመረ፣ ብጉር የበዛባት ሴት ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ፀጉሩ በጥቂት ወራት ውስጥ በድንገት ከበዛ፣ ድምፅ ከጎረነነ ወይም የራስ ፀጉር ከፊት ከሳሳ ደግሞ ሳይዘገይ ትታይ፤ አልፎ አልፎ ከጀርባው እጢ ሊኖር ይችላልና። ሕክምናው በክኒን የሚሰጥ ሲሆን በፀጉሩ ላይ ለውጥ ለማየት 6 ወር ገደማ ስለሚፈጅ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ፅንስን ስለሚጎዱ ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ለሐኪሟ ትንገር። መታከም ሐያእን አይጻረርም፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል።

ለባሎችና ለእናቶች

ወንድሞች ሆይ! የሚስትን ፊት እያዩ መቀለድ፣ ወይም ከሌላ ሴት ጋር ማነጻጸር ዙልም ነው። ይህ እርሷ መርጣ ያመጣችው አይደለም። የሐኪም ወጪዋን ሸፍኑ፣ አብራችኋት ሂዱ፣ ምስጢሯንም ጠብቁ። እናቶች ሆይ! ልጃችሁ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ መስታወት ፊት ከቆየች ወይም ሰው ከሸሸች ከመቆጣታችሁ በፊት ቀስ ብላችሁ ጠይቋት። ምላጭ ደብቃ ከምትጠቀም ከእናቷ ብትማር ይሻላል። ብይኑንም ንገሯት፤ የሚፈቀደውን ሐራም እየመሰላት፣ የሚጎዳውን ደግሞ ውበት እየመሰላት እንዳታድግ።

አላህ ጠቃሚ እውቀትን ይስጠን፣ የታመሙ እህቶቻችንንም ያሽርልን። ወላሁ አዕለም።