ያለፈው ድል የነገን ሽያጭ ይተነብያልን? የጌም ኮንሶል አምራቾች ፉክክር ከ2006 ወዲህ

የቪዲዮ ጌም ኮንሶል አምራቾችን የሽያጭ ተስፋ ለመገመት የሚነሣ ተንታኝ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ያለፈው ትውልድ ነው፤ ትናንት ብዙ የሸጠ ነገም ብዙ ይሸጣል ይላል። በ2006 የተጀመረው ፉክክር ይህ ስሌት ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ ያሳያል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የሶኒ ፕሌይስቴሽን 2 ከ155 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ፣ የማይክሮሶፍት የመጀመሪያው ኤክስቦክስ 24 ሚሊዮን፣ የኒንቴንዶ ጌምኪዩብ ደግሞ 22 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ይህን ልዩነት የተመለከተ ሰው ፕሌይስቴሽን 3 ያለ ተቀናቃኝ ይነግሣል ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። ሶኒ ግን ሴል የተባለውን ፕሮሰሰርና የብሉሬይ ዲስክ ማጫወቻን በማካተቱ ዋጋው በአሜሪካ 499 እና 599 ዶላር ሆነ፤ ይህም ሆኖ የማምረቻ ወጪውን አይሸፍንም ነበር። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ 360ን ከአንድ ዓመት በፊት ከ299 ዶላር ጀምሮ ለገበያ አቅርቧል። ኒንቴንዶ በበኩሉ ከአቅም ውድድሩ ወጥቶ፣ በእጅ እንቅስቃሴ የሚታዘዘውን ዊን በ249 ዶላር አወጣ። በመጨረሻ ዊ ከ101 ሚሊዮን በላይ፣ ፕሌይስቴሽን 3 ከ87 ሚሊዮን በላይ፣ ኤክስቦክስ 360 ደግሞ ቢያንስ 84 ሚሊዮን ተሸጡ።

ምክንያቱን ለመረዳት ኮንሶል እንደ ቴሌቪዥን ያለ ተራ ሸቀጥ አለመሆኑን ማስተዋል ያሻል። ኮንሶል ተጫዋቹንና ጌም ሠሪውን የሚያገናኝ ባለ ሁለት ወገን ገበያ ነው፤ ተጫዋቹ ጥሩ ጌም ወዳለበት ይሄዳል፣ ሠሪው ደግሞ ተጫዋች ወደ በዛበት። አምራቹም ከእያንዳንዱ ጌም ሽያጭ ድርሻ ስለሚያገኝ መሣሪያውን በኪሳራ ለመሸጥ ይደፍራል። ስለዚህ ሶኒን የጎዳው የዋጋው ውድነት ብቻ አልነበረም። ውድነቱ ገዢውን ሲያዘገይ፣ ሴልም ለፕሮግራም ጸሐፊዎች አስቸጋሪ ሆኖ ሲገኝ፣ ጌም ሠሪዎች ለሶኒ ብቻ የሚያድሩበት ምክንያት ሳሳ። ግራንድ ቴፍት ኦቶ የተባለው ተከታታይ ጌም ዐበይት ክፍሎች ቀድሞ በመጀመሪያ የሚወጡት ለፕሌይስቴሽን 2 ነበር፤ አራተኛው ክፍል በ2008 ሲወጣ ግን በኤክስቦክስ 360ም በዚያው ዕለት ተለቀቀ። ሶኒ ያገገመው ዘግይቶ ነው፤ በ2009 ቀጭኑን ሞዴል በ299 ዶላር ማቅረቡ ለዚህ ረድቶታል።

አሸናፊው ኒንቴንዶስ? ተከታዩ ዊ ዩ በ2012 ወጥቶ 13.56 ሚሊዮን ብቻ ተሸጠ። በእኔ ግምት ከዊ ገዢዎች ብዙዎቹ ወደ ኮንሶል የመጡት ለአንድ አዲስ የአጨዋወት ስልት እንጂ ለአምራቹ ታማኝ ሆነው አልነበረም፤ ቁጥራቸው በሠንጠረዥ ላይ ከፕሌይስቴሽን ገዢዎች ጋር እኩል ቢደመርም ለቀጣዩ ትውልድ የሚኖረው ትርጉም የተለየ ነው። በ2013 ደግሞ ሚናው ተገለበጠ፤ ሶኒ ፕሌይስቴሽን 4ን በ399 ዶላር ሲያቀርብ የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን 499 ዶላር ነበር፤ የሶኒው ከ117 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

የኤክስቦክስ ዋንን ቁጥር እዚህ በጎኑ ማስፈር አይቻልም። ማይክሮሶፍት ከ2015 ጀምሮ የተሸጡ መሣሪያዎችን ብዛት ይፋ ማድረጉን አቁሞ የኦንላይን ተጠቃሚዎቹን መቁጠር ስለመረጠ፣ ሦስቱን አምራቾች በአንድ ሚዛን ማወዳደር የሚሻ ተመራማሪ ለአንደኛው ወገን ከውጭ ግምቶች በቀር የሚይዘው የለም።