ተጨማሪ መረጃ፦ የአዊ ፈረስ ጉልበቱን ከየት ያገኛል?

ጥር 23 ቀን በአዊ ዞን፣ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ሲከበር ፈረሶቹ ሲጋልቡ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ፈረሶቹ ለዚያ ሁሉ ግልቢያ የሚበቃ ጉልበት ከሣር ያገኛሉ፤ ሰው ግን ሣር በልቶ መኖር አይችልም። ለምን ይመስላችኋል?

ሣር በሴሉሎስ የበለጸገ ነው፤ የድንች ደረቅ ክፍል ደግሞ በአብዛኛው ስታርች ነው። ሁለቱም ፖሊሳካራይድ ይባላሉ፤ ይህም ብዙ የስኳር ሞለኪውሎች ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ማለት ነው። የሚያስደንቀው፣ ሁለቱም የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ስኳር፣ ከግሉኮስ መሆኑ ነው! ልዩነቱ አያያዛቸው ላይ ነው። በስታርች ውስጥ ግሉኮሶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረው ስለሚያያዙ ሰንሰለቱ ይጠመዘዛል። በሴሉሎስ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ግሉኮስ ከጎኑ ካለው አንጻር ተገልብጦ ይያያዛል፤ ሰንሰለቱም ቀጥ ይላል፤ ጎረቤት ሰንሰለቶች በሃይድሮጂን ቦንድ ተሳስረው ይጠነክራሉ። በምራቃችን ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም የስታርችን አያያዝ ይቆርጣል፤ የሴሉሎስን ግን አይችልም።

ፈረስም ቢሆን ሴሉሎስን የሚቆርጥ የራሱ ኢንዛይም የለውም። ሥራውን የሚሠሩለት በትልቁ አንጀቱ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው።

ሞክሩ፦ በተቆረጠ ድንችና በንጹሕ ጥጥ ላይ አንድ አንድ ጠብታ የቁስል አዮዲን አድርጉ። ጥጥ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሴሉሎስ ነው። አዮዲኑ በተጠመዘዘው ሰንሰለት ውስጥ ስለሚገባ ድንቹ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ጥጡስ? ያያችሁትን ደብተራችሁ ላይ መዝግቡ፤ አዮዲን የነካውን ድንች ግን አትብሉ።