ጀርባ ላይ የሚለጠፈው መሣሪያ ወገብን ይለካል?

ስትጎብጡ እየነዘረ የሚያስጠነቅቃችሁን ትንሽ መሣሪያ ገዝታችሁ «ልኬቱ ይታመናል ወይ?» ለምትሉኝ፦ አንገት ሥር የሚለጠፈው ወገብን አይለካም። ውስጡ ያለው አክስለሮሜትር የሚያውቀው ከመሬት ስበት አንጻር ምን ያህል እንዳዘነበለ ነው። ወንበር ላይ ተንሸራታችሁ ወገባችሁን ብታጎብጡም፣ የላይኛው ጀርባችሁ ቀና እስካለ ድረስ ዝም ይላል።

የወገብን ቅስት ለመለካት ቢያንስ ሁለት ሴንሰር ያስፈልጋል። አንዱ ከ5ቱ የወገብ አጥንቶች በላይኛው አካባቢ፣ ሌላው ከወገብ በታች ዳሌ መሐል ባለው አጥንት ላይ ይለጠፋል፤ የሁለቱ የማዘንበል ልዩነት ማዕዘኑን ይሰጠናል። ሴንሰሮቹም ቢሆኑ የሚያርፉት ቆዳ ላይ እንጂ አጥንት ላይ አይደለም። ጫማ ለማሰር ጎንበስ ስትሉ ቆዳው ይሳባል፤ ሴንሰሩም አብሮ ይሄዳል። ላብ ካለማ የሚለጠፉበት ፕላስተርም አይታመንም! ነገ ሁለት ጣት ዝቅ አድርጋችሁ ከለጠፋችሁት ደግሞ ቁጥሩ ሌላ ነው።

ቦታውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋችሁ የራሳችሁን ለውጥ ለመከታተል ከሆነ፣ እሺ፣ ይጠቅማል። የአጥንቱን ማዕዘን በትክክል የሚያሳየው ራጅ ነው፤ ለዚህ ብሎ መነሣትን ግን አልመክርም። ደግሞም ጎበጥ ብሎ መቀመጥ ብቻውን ወገብ ያሳምማል ለሚለው ጠንካራ ማስረጃ የለም። ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ ወይም እግር ከደነዘዘ መሣሪያውን ተዉትና ሐኪም ጋ ሂዱ።