የእንፍራንዝና የአካባቢዋ መልክዐ ምድር፣ ሕዝብና ኢኮኖሚ

እንፍራንዝ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በማክሰኝትና በአዲስ ዘመን መካከል የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። የእንዲህ ዓይነቷ ከተማ ኑሮ ከዙሪያዋ መሬት ተነጥሎ ሊጠና ስለማይችል፣ ከተማዪቱና ገጠሯ በዚህ ጽሑፍ እንደ አንድ አካባቢ ይታያሉ።

1. አቀማመጥ

በስተምሥራቅ ተራራማ ደጋ፣ በስተምዕራብ ደግሞ እስከ ጣና ሐይቅ የሚዘረጋ ሜዳ ይገኛል። የሐይቁ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ ነው። የጋርኖ ወንዝ ከደጋው ተነሥቶ በእንፍራንዝ አቅራቢያ በማለፍ ጣና ይገባል። የዓመቱ ዝናም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ፣ ጎርፉ የተዳፋቱን አፈር እየጠረገ ሜዳው ላይ ያሳርፋል። ተራራው ሲራቆት ሜዳው ለም ይሆናል፤ ነገር ግን በክረምት በውኃ ይጥለቀለቃል።

2. ሕዝብ

ከከተማዪቱ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ የቆመው የጉዛራ ግንብ የዐፄ ሠርፀ ድንግል (እ.ኤ.አ. 1563-1597) ሥራ እንደሆነ ይታመናል። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1636 ከተቆረቆረች በኋላ የነገሥታቱ መቀመጫ ወደዚያ ቢዛወርም፣ የእንፍራንዝ ንግድ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1700 አካባቢውን ያየው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ፣ በከተማዪቱ የዝባድና የባሪያ ንግድ መኖሩን፣ የክርስቲያኑና የእስላሙ ቤቶችም ተቀላቅለው መሠራታቸውን ጽፏል። የባሪያ ንግድ ቀርቷል፤ የገበያ ከተማነቷ ግን ቀጥሏል። ስለሆነም የእንፍራንዝ አገልግሎት በነዋሪዋ ቁጥር ብቻ አይለካም፤ በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣውም ሕዝብ መታሰብ አለበት።

3. ኢኮኖሚ

በተዳፋቱ ላይ ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይመረታሉ። በሜዳው ዋልካ አፈር ላይ ግን ገበሬው ውኃው እስኪጎድል ጠብቆ፣ መሬቱ በያዘው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ጓያ ድርቅን ቢቋቋምም፣ ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ ያደርጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰዎችን ጎድቷል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፎገራ የተጀመረው የሩዝ እርሻ ወደ ጎረቤት ወረዳዎች በመስፋፋቱ፣ ቀድሞ እንደ ጉዳት ይቆጠር የነበረውን የክረምት ውኃ ጠቃሚ አድርጎታል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የታየው የእምቦጭ አረም ለዓሣ አጥማጁ፣ ለጀልባውና ለባሕር ሸሽ ግጦሹ እንቅፋት ሆኗል።

4. ለትምህርት ሥራ ያለው ፋይዳ

የተዳፋቱ አዝመራ በአመዛኙ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል፤ በሜዳው ዘግይቶ የሚዘራው ግን እስከ ጥርና የካቲት ይዘልቃል። ልጆች በአጨዳና በከብት ጥበቃ ወላጆቻቸውን ስለሚረዱ፣ ከሁለቱም ወገን ተማሪዎችን የሚቀበል ትምህርት ቤት በተለያየ ወቅት መጓደል ሊገጥመው ይችላል። የዓመቱ ጠቅላላ የመቅረት ቁጥር ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል። መምህራን ቀሪዎችን በወርና በቀበሌ ለይተው ቢመዘግቡ ግን፣ ዕቅድ አውጪው የፈተናንና የማካካሻ ትምህርትን ጊዜ ከእርሻው ሥራ ጋር ለማስማማት መነሻ ያገኛል።

መምህሩም ቢሆን ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያሻውም። ከጉዛራ ኮረብታ ላይ ተራራው፣ ሜዳውና ሐይቁ በአንድነት ይታያሉና፣ የአፈር መከላት ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ተማሪው በዓይኑ ሊከታተለው ይችላል። በደጋው የሚሠራ እርከን በሐይቁ ዳር ላለው ገበሬም እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።