203 ብሎ ስለ ጻፈው ልጅ
(ለሕፃናት ቍጥርን ስለ ማስተማር)

በቋንቋችን አንድ ልጅ ትምህርት ጀመረ ለማለት «ፊደል ቆጠረ» እንላለን። አባቶቻችን ንባብን በመቍጠር ስም መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሕፃኑ ከየኔታ ፊት ተቀምጦ በስንጥር እያመለከተ «ሀ፥ ሁ፥ ሂ» ሲል፥ አንዱን ፊደል ሳይነካ ወደ ሁለተኛው አያልፍም። ዐይኑም፥ እጁም፥ አፉም በአንድነት ይማራሉ። ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ስለዚሁ ነገር ነው፤ ይኸውም ልጆቻችን በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ሒሳብን ሲጀምሩ ስለሚሰናከሉበት አንድ ስፍራና፥ እኛ ወላጆችና መምህራን በዚያ ስፍራ ልጁን ልናነሣበት ወይም ልንጥልበት ስለምንችል ነው።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመርጡለ ማርያም ብዙ በማይርቅ ቀበሌ የአንደኛ ክፍል ልጆችን አስተምር ነበር። አንድ ቀን «የጊዮርጊስ በዓል በወር በስንት ይውላል?» ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ «በሃያ ሦስት!» አለ። ከልጆቹ አንዱን፥ ሰባት ዓመት የሆነውን ዝምተኛ ልጅ፥ ወደ ሰሌዳው ጠርቼ ቍጥሩን እንዲጽፍ አዘዝሁት። ጠመኔውን ተቀብሎ ቀስ ብሎ 203 ብሎ ጻፈ። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔም ላርመው ሲገባኝ «ሁለት መቶ ሦስት ቀን ያለው ወር የት አገር አየህ?» ብዬ አብሬ ሳቅሁበት። አጥፍተህ እንደገና ጻፍ ብለው እንደገና 203 ጻፈ። እልከኛ መሰለኝና እጁን በማስመሪያ መታሁት። በማግሥቱ ልጁ አልመጣም፤ በሦስተኛውም፥ በአራተኛውም ቀን አልመጣም።

በሳምንቱ ወደ ቤቱ ሄድሁ። ልጁ ከበጎች ጋር በመስክ ነበርና ያገኘሁት አያቱን ነው። እኒህ ሽማግሌ በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ወርደው ቅኔ የተማሩ፥ ባሕረ ሐሳብም የሚያውቁ ናቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸውና ልጁ የጻፈውን በበትር ጫፍ በመሬት ላይ አሳየኋቸው። ሽማግሌው ጥቂት ተመልክተው «ዲያቆን፥ ታዲያ ልጁ ምን አጠፋ? ሃያን ጻፈ፤ ሦስትን አስከተለ። እኛስ ጊዮርጊስን ስንጽፍ ፳ን አስቀድመን ፫ን እናስከትል የለምን?» አሉኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ። የግእዝን አኃዝ ከዳዊት ጋር ተምሬ ያደግሁ ሰው ስሆን፥ ልጁ ያየውን እኔ አላየሁትም ነበር።

በእውነቱ ልጁ በአባቶቹ ሥርዓት የጻፈ ያኽል ነበር። በግእዝ አኃዝ ከ፩ እስከ ፱ ላሉት ዘጠኝ ምልክቶች አሉ፤ ለ፲፥ ለ፳፥ ለ፴ እያልን እስከ ፺ ድረስም ሌሎች ዘጠኝ ምልክቶች አሉ፤ ከዚያ በኋላ ፻ና ፼ ይከተላሉ። እነዚህ አኃዞች ቅርጻቸውን ከግሪክ ፊደላት የወሰዱ ሲሆኑ፥ በ4ኛው መቶ ዓመት በነገሠው በንጉሥ ኢዛና ዘመን በአክሱም የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ይገኛሉ። በዚህ ሥርዓት ዜሮ የለም፤ አያስፈልግምም። ሃያ ሦስት ፳፫ ነው፤ ሁለት መቶ ሦስት ግን ፪፻፫ ነው፤ አንዱ ከሌላው አይምታታም። 2018ንም ፳፻፲፰ ብለን እንጽፋለን። እያንዳንዱ ምልክት በየትም ስፍራ ቢቆም ስሙን ይዞ ይቆማልና።

ዛሬ በትምህርት ቤት የምናስተምረው አኃዝ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ከሕንድ ተነሥቶ በዐረቦች በኩል ወደ ዓለም የተሠራጨው ይህ አኃዝ ዐሥር ምልክቶች ብቻ ስላሉት፥ የምልክቱ ዋጋ በቆመበት ስፍራ ይለወጣል። 2 በቀኝ ጫፍ ሲቆም ሁለት፥ አንድ ስፍራ ወደ ግራ ሲያልፍ ሃያ፥ ሁለት ስፍራ ሲያልፍ ሁለት መቶ ይሆናል። ዜሮም ባዶውን ስፍራ ይጠብቃል። አውሮፓውያን እንኳ በሮማውያን ፊደላት ሲቈጥሩ ኖረው፥ የፒዛው ሊዮናርዶ በ1202 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ይህን አኃዝ የሚያስተምር መጽሐፍ ከጻፈ በኋላ፥ ለመልመድ ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል። እንግዲህ ታላላቅ ነጋዴዎች የዘገዩበትን ትምህርት የሰባት ዓመት ሕፃን በአንድ ቀን አልያዘውም ብለን ብንመታው ፍርድ ነውን?

ደግነቱ ቋንቋችን ለልጆቻችን ታላቅ ረዳት ነው። እኛ «አሥራ አንድ፥ አሥራ ሁለት» ስንል ቃሉ ራሱ «ዐሥርና አንድ፥ ዐሥርና ሁለት» እያለ ያስተምራል። የእንግሊዝ ልጅ ግን ለእነዚህ ሁለት ቍጥሮች ዐሥርን የማያስታውሱ ልዩ ስሞችን በቃሉ መያዝ አለበት። ደግሞም ሠላሳ ሦስትን፥ አርባ አራትን፥ ሃምሳ አምስትን፥ ስድሳ ስድስትን፥ ሰባ ሰባትን፥ ሰማንያ ስምንትን፥ ዘጠና ዘጠኝን በድምፁ ያስታውሳል። ከእነዚህ ሁሉ ሁለትን የማይመስለው ሃያ ብቻ ነው። ስለዚህ መምህር ከሃያ ላይ ቸኵሎ ማለፍ አይገባውም፤ ሃያ ማለት ሁለት ጊዜ ዐሥር መሆኑን ልጁ በእጁ ይዞ እስኪያየው ድረስ መቆየት አለበት።

ከዚያ ወዲህ የተማርሁትንና በክፍሌ የሠራሁበትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፥ ቍጥርን በቃል መዘመርና ዕቃን መቍጠር አንድ አይደሉም። ልጁ እስከ መቶ ያለ ስሕተት ቢወርደው ቆጠረ አይባልም። ሰባት የባቄላ ፍሬ በፊቱ አስቀምጡለትና እየነካ ይቍጠር። ቀጥሎ ፍሬዎቹን በትኑና «አሁንስ ስንት ነው?» በሉት። ሳይቈጥር «ሰባት» ካለ ቍጥር ገብቶታል፤ እንደገና ከጀመረ ገና ነው፤ ገና መሆኑ ግን ነውር አይደለም።

ሁለተኛ፥ ዐሥር ከምንና ከምን እንደሚገኝ ይወቅ። ልጆች ቅልልቦሽ ሲጫወቱ አምስት ጠጠር ይይዛሉ። ሁለቱን በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ «የተሸሸገው ስንት ነው?» ብትሉ ከጨዋታው ሳይወጡ መቀነስን ይማራሉ። ከአምስት ወደ ዐሥር ጣቶቻቸው እለፉ፤ ሰባት ጣት የዘረጋ ልጅ ያጠፈው ሦስት መሆኑን በዐይኑ ያያል። ይህን የለመደ ልጅ ስምንትና አምስት ሲደመር ከአምስቱ ሁለት ወስዶ ስምንቱን ዐሥር ያደርጋል፤ ሦስት ይተርፈዋልና አሥራ ሦስት ይላል።

ሦስተኛ፥ ዐሥሩን አንድ አድርጎ ማሰር ነው። ይህም ለቤተ ክርስቲያን ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። 150 የሆነው መዝሙረ ዳዊት በየዐሥሩ ተከፍሎ 15 ንጉሥ ይባል የለምን? ሁለት ንጉሥና ሦስት መዝሙር የደገመ ሰው 23 መዝሙር ደገመ። እኔም ልጆቹን ጭራሮ አስለቅሜ ዐሥር ዐሥሩን በልጥ አሳሰርኋቸው። ሃያ ሦስት ሁለት እስርና ሦስት ነጠላ ሆነ። ቀጥዬ «እስኪ ሁለት መቶ ሦስት አምጡ» አልኋቸው። ዐሥሩን እስር እንደገና አንድ ትልቅ ነዶ እያደረጉ ሁለት ነዶና ሦስት ነጠላ እስኪሞላላቸው ድረስ የክፍለ ጊዜው እኩሌታ አለፈ። ሁለቱን ክምር ጎን ለጎን ሲያዩ ማንም ማብራራት አላስፈለገውም።

አራተኛ፥ ከጭራሮው ወደ ጽሕፈቱ መሻገሪያ ድልድይ ያስፈልጋል። ከአሮጌ ካርቶን ሰፋ ያሉ ቍራጮች ቈርጣችሁ 10፥ 20፥ 30 እያላችሁ እስከ 90 ጻፉባቸው፤ የእነዚያን እኩሌታ በሚያኽሉ ጠባብ ቍራጮች ላይ ደግሞ ከ1 እስከ 9 ጻፉ። ልጁ 20ን ያስቀምጥ፤ ከዚያ 3ን አምጥቶ በዜሮው ላይ ይደርብ፤ 23 ይሆናል። እኔ ለልጆቹ «ዜሮ ቤት ጠባቂ ነው፤ ባለቤቱ ሲመጣ ስፍራውን ይለቃል» እላቸዋለሁ። ሦስቱን ሲያነሡት ዜሮው ከሥር ተቀምጦ ያገኙታል፤ ሃያው እንዳልጠፋም ያያሉ።

አምስተኛ፥ ልጁ ሲሳሳት «እንዴት አሰብህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ብዙውን ጊዜ የሕፃን ስሕተት ሥር አለው። ያን ሥር ያላየ መምህር ቅጠሉን ቢቈርጥ እንደገና ይበቅላል፤ እኔ በማስመሪያ መትቼ ያገኘሁት ትርፍ ይህ ነው።

አሁን ነገሬን ወደ ቤት ልመልስ። አንዳንድ እናቶች «እኔ ፊደል አልቈጠርሁም፤ ልጄን በምን ልርዳው?» ይላሉ። እናቴ ሆይ፥ ቡና ሲፈላ ስድስት ሰው ተቀምጦ አራት ሲኒ ብቻ ቢቀርብ ስንት እንደሚጐድል ልጅሽን ጠይቂው። እንቍላል ለገበያ ሲለቀም በየዐሥሩ ይደርድርልሽ። እንጀራውን ለሁለት፥ ከዚያም ለአራት ሲቈርሰው እኩሌታንና ሩብን ተማረ። ይህም ለወንዱ ብቻ አይሁን፤ ሴት ልጅሽም ከጓዳ ሥራዋ ጋር የቍጥሩን ጥያቄ ትካፈል።

ከሁሉ ይልቅ የበዓላችን አቈጣጠር በየቤቱ ያለ መጽሐፍ ነው። ሚካኤል በ12፥ ማርያም በ21 ይውላሉ፤ ከሚካኤል እስከ ማርያም ስንት ቀን ነው? ዘጠኝ። ከጊዮርጊስ እስከሚቀጥለው ወር ሚካኤልስ? ወሩ 30 ቀን ነውና ከ23 እስከ 30 ሰባት፥ ከዚያ ወዲያ ዐሥራ ሁለት፤ በጠቅላላው አሥራ ዘጠኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ የመጀመሪያውን ሳምንት ስምንት ቀን፥ አርባውን፥ የሕማማቱንም ሰባት ቀን ደምሮ 55 ያግኝ። አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦታ ሲደርስም በመቍጠሪያው ላይ አራት ዐሥሮችንና አንዱን ይለይ።

እንዲህ የጀመረ ልጅ ሲያድግ የት እንደሚደርስ ደግሞ ተመልከቱ። ባሕረ ሐሳብ የሚማር ደቀ መዝሙር ለምሳሌ የ2018ን ዓመት ሲያወጣ፥ 5500ን ጨምሮ 7518 ያገኛል፤ በ19 ገድፎ የተረፈውን 13 ይይዛል፤ አንዱን ለዘመን አድርጎ ቢተው ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ አበቅቴ 12 ይወጣል፤ በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ መጥቅዕ 18 ይወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ ሠላሳ ናቸው። ጣቱን አጥፎ «ሰባትና ሦስት ዐሥር» ያለው ሕፃንና «አሥራ ሁለትና አሥራ ስምንት ሠላሳ» የሚለው ሊቅ በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ አንዱ በመጀመሪያው፥ ሌላው በመጨረሻው። በመጀመሪያው ላይ የሰበርነው ልጅ ግን ወደ መጨረሻው አይደርስም።

ያ ልጅ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። አያቱ ዘንድ በሄድሁበት ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከመስክ ተመለሰ። እኔን ሲያይ ከበጎቹ ኋላ ተሸሸገ። በጎቹ ወደ በረቱ ሲገቡ ግን በሩ ላይ ቆሞ አንድ በአንድ በእጁ እየነካ ሲያስገባ ሰማሁት፤ ሃያ ሁለት ላይ ደርሶ ዝም አለ። ወደ ኋላው ሮጦ ከአጥሩ ሥር የቀረች ግልገል ታቅፎ መጣና «ሃያ ሦስት» አለ። ቍጥሩን ከእኔ ይልቅ እርሱ ያውቀው ነበር፤ ያልተማረው አጻጻፉን ብቻ ነው። በዚያው ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ሰኞም በክፍሉ ልጆች ፊት ደገምሁት። ተመለሰና ተማረ።

ከመቶ በጎቹ አንዱ የጠፋበትን እረኛ ወንጌል ሲነግረን፥ አንዱ መጥፋቱን ያወቀው ስለ ቈጠረ ነው፤ የቈጠረውም ስለሚወድዳቸው ነው። እኛም መምህራን በየጧቱ በስም መጥሪያው ላይ የጐደለውን ልጅ ስናይ፥ ምልክት አድርገን ከማለፋችን በፊት ለምን እንደ ጐደለ እንጠይቅ። ምናልባት ያስቀረነው እኛው እንሆናለንና።

ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን፤ አሜን።